ከተነሺ ወደ አንሺ

እንግሊዙም ፈረንሳዩም ፎቶን «ይወስዳል»። አማርኛ ግን ያነሳል። ካሜራ የያዘው አንሺ ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመው ተነሺ። «ፎቶ ተነሳሁ» ያለ ሰው አንድ ነገር ተደረገልኝ ማለቱ ይመስላል፤ ነገር ግን «ተነሳ» በአማርኛ ከዚያ የሰፋ ቃል ነው። ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ለጉዞ ይነሳል፣ በበደለው ላይ ይነሳል። ሙታንም ይነሳሉ።

ወደ ሌላ አገር የሄዱ አዋቂ ሴቶች የአዲሱን አገር ቋንቋ፣ ሕግና አሠራር በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ ምን ይሠራል? በተለያዩ አገሮች ያሉ መምህራን ለሴቶቹ ካሜራ ወይም ስልክ ሰጥተው ኑሯቸውን እንዲያነሱ፣ ባነሱትም ላይ እንዲነጋገሩ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ሳስብ ከ«አነሳ» የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ዘዴው ሊያደርግ የሚሞክረውን ነገር አማርኛ በአንድ ሥር ቃል ውስጥ አኑሮታል ብዬ አምናለሁ።

ሥሩ የግእዙ ነሥአ ነው፤ ወሰደ፣ ተቀበለ፣ አነሳ። ከእርሱ ተንሥአ ወጣ፣ ከዚያም ትንሣኤ። ዲያቆን በቅዳሴ ምእመናንን የሚያስነሳበት «ተንሥኡ» የዚሁ ልጅ ነው። ዕብራይስጥም ሥሩን ይጋራል፤ «ናሳ» አነሳ፣ ተሸከመ ማለት ሲሆን፣ የእስራኤል ርእሰ ብሔር የሚጠራበት «ናሲ» ከፍ የተደረገ ሰው ማለት ነው። አማርኛ ይህን ሥር ሲወርስ ሦስት መንገድ አስያዘው። ደረቁ «ነሳ» መከልከልና መንጠቅ ሆነ፤ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ጤና ነሳው፣ ፊት ነሳችኝ እንላለን። «ተነሳ» ከነበሩበት መለየት ሆነ፤ የአዲስ አበባ ሰው «የልማት ተነሺ» የሚለውን ቃል በሚገባ ያውቀዋል፤ ቤቱ ለመንገድ ወይም ለሕንፃ ተፈልጎ ከሰፈሩ እንዲለቅ የተደረገ ሰው ነው። «አነሳ» ደግሞ ከፍ ማድረግ ነው፤ የወደቀ ያነሱበታል፣ ልጅ ክርስትና ያነሱበታል፣ ስም ያነሱበታል፣ ጥያቄ ያነሱበታል። ፎቶም ያነሱበታል።

መነፈግ፣ መፈናቀል፣ ከፍ ማድረግ፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር። የብዙ ስደተኛ ሴቶች የሕይወት መንገድ በእነዚህ ሦስት ግሦች መካከል ያልፋል።

«ፎቶግራፍ» የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ፎስ ብርሃን ነው፣ ግራፌይን መጻፍ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ዘንድ ያስለመደው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ሄርሼል ነው፤ «ኔጌቲቭ» እና «ፖዘቲቭ» የሚሉትንም ለፎቶ ያዋለ እርሱ ነው። ግራፌይን ጥንት ከመጻፍ በፊት መጫር፣ መቧጠጥ ነበር። የእኛ ቋንቋ የመቅረፅን ግሥ ለድምፅና ለፊልም ሰጠ፤ ድምፅ ይቀረፃል፣ ቪዲዮ ይቀረፃል። ፎቶ ግን አልተቀረፀም፣ ተነሳ። «ካሜራ» ደግሞ በላቲን ክፍል ማለት ነው፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ እየገባ የውጩን ዓለም ገልብጦ በግድግዳ ላይ የሚጥልበት ጨለማ ክፍል። በዐረብኛ ይህ ክፍል «አል ባይት አል ሙዝሊም» ይባል ነበር፤ ሙዝሊም ከግእዙ ጽልመትና ከእኛው ጨለማ ጋር አንድ ወገን ነው። በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ሙያን ካቆሙት ቤቶች አንዱ የቦያጂያን ቤተሰብ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡ አርመኖች ናቸው። የነገሥታቱን መልክ ያቆዩልን አንሺዎች ራሳቸው ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ነበሩ።

ምኒልክም ሆኑ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ ሲነሱ ዙፋኑ፣ ካባው፣ እግራቸው ሥር ያለው ምንጣፍ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ስደተኛዋ ሴት ከካሜራ ጋር የምትገናኘው በሌላ ቃል በኩል ነው፤ በጉርድ ፎቶ። «ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘሽ ነይ» የማይል ቢሮ የለም፤ ቀበሌው ይላል፣ ኢሚግሬሽኑ ይላል፣ ኤጀንሲው ይላል፣ ኤምባሲው ይላል። ጎረደ ቆረጠ፣ አሳጠረ ነው። ጉርድ ቀሚስ ከወገብ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ከደረት በታች የተቆረጠ ሰው ነው። ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ጥላ አይኑርበት፣ ፈገግታ አይታይበት ይባላል። እጅ የለውም። ለዚህ ነገር ትኩረት እንዲሰጥልኝ እፈልጋለሁ፤ በእጇ ሠርታ የምታድር ሴት በመንግሥት መዝገብ የምትታወቅበት ሥዕል እጇን አያሳይም።

በአንጻሩ «መልክእ» የተባለው የግእዝ የውዳሴ ድርሰት ከራስ ጠጉር ጀምሮ ቅንድብን፣ ከንፈርን፣ ክንድን፣ ጣትን፣ ጥፍርን፣ ተረከዝን እያነሳ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ይሰጣል። መልክ ሲባል ፊት ብቻ ያልነበረበት ዘመን ቃሉ ውስጥ አለ።

ጉርዱ ፎቶ የሚለጠፈው በ«መታወቂያ» ላይ ነው። የቃሉ ሥር ዐወቀ ነው፤ ታወቀ ሲል ተደራጊ ሆነ፣ መታወቂያ ሲል መሣሪያ። አንድ ሰው በሌላው የሚታወቅበት መሣሪያ፤ አዋቂው ከካርዱ ማዶ ነው ያለው። በጀርመን ያሉ ወገኖቻችን ይህን ካርድ «አውስቫይስ» ይሉታል። ጀርመንኛው ግሥ አውስቫይዘን፣ «አውስ» ወደ ውጭ፣ «ቫይዘን» ማመልከት፣ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማንነትን ማስመስከር ነው። ሌላው የውጭ ዜጋን ከአገር ማስወጣት ነው። አንዲት ሴት በቀጠሮዋ ቀን ወረፋ ላይ ሆና በመስኮቱ የምትሰማው ግሥ ሁለቱንም ይችላል። የመባረር ትእዛዙ ለጊዜው ብቻ የታገደለት ሰው የሚይዘው ወረቀት «ዱልዱንግ» ነው፤ ዱልደን መታገሥ፣ መቻል ማለት ነው። ወረቀቷ «ታግሠንሻል» እያለ በቦርሳዋ ይዛው የምትኖር ሴት የዜግነት ትምህርት ስትጀምር ከየት እንደምትጀምር ማሰብ አለብን።

ፎቶና የሴት ስደት የተጣመሩት ዛሬ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1875 የፔጅ ሕግ ወጣ። ሕጉ በዝሙት ንግድ ሰበብ ከእስያ የሚመጡ ሴቶችን ይመረምር ስለነበር፣ በሆንግ ኮንግ የነበረው የአሜሪካ ቆንስላ የቻይናውያት ሴቶችን ፎቶ እያሰናዳ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይልክ ነበር፤ መርከቧ ስትደርስ ፊትና ፎቶ ይመሳከራል። የአሜሪካ ፓስፖርት ፎቶ እንዲኖረው የታዘዘው በ1914 ነው፤ የዜግነት ምስክር ወረቀት ላይ ፎቶ እንዲለጠፍ የተደነገገው ደግሞ በ1929። ሴቶቹ ከሌላው ሰው ቀድመው ተነሺ ሆኑ። ከእነርሱ ያን ፎቶ ለማንሳትም ሆነ ስለ ፎቶው ለመናገር የተጠየቀች አልነበረችም።

አሁን ወደ «ዜጋ» እንምጣ። ዛሬ ቃሉን የምንሰማው ከመብትና ከክብር ጋር ነው፤ «እንደ አንድ ዜጋ» ብሎ የጀመረ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች የሚያሳዩት ዜጋ ግን ሌላ ሰው ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ ተገኘ እነዚያን ሰነዶች መርምሮ እንዳሳየው፣ በዚያ ዘመን ዜጋ የሚባለው የራሱ መሬት የሌለው፣ በባለ መሬት ሥልጣን ሥር የሚኖር፣ ጉልበቱም ኑሮውም በጌታው እጅ የነበረ ሰው ነው። ቃሉ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ዘመዱን ከሌላ ቦታ ነው ያመጡት፤ የእንግሊዝኛው «ሲቲዝን» የተገነባው በከተማ ነው፣ የጀርመንኛው «ቡርገር» በምሽግ ማለትም በ«ቡርግ» ነው። ከቅጥሩ ውስጥ ያለ ሰው ማለት ነው። የእኛው ቃል ሰውን የሚያስረው በቅጥር አልነበረም፤ በሌላ ሰው ነበር።

ለዚህ ነው የዐረብ አገሩ «ከፋላ» ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ነገር የማይመስለኝ። ከፋላ በዐረብኛ ዋስ መሆን፣ ኃላፊነት መውሰድ ነው። በቤይሩት ወይም በሪያድ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ በዋሷ ስም የታሰረ ነው፤ ሥራውን ትታ ስትወጣ ፈቃዷም ይቀራል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ፣ በ«ማዳም» መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት የኖረች ሴት ብዙ ናት። የዚያ አገር ዜግነት ለእርሷ አልተከፈተም፤ የራሷ አገር ዜግነት ደግሞ ያለው በተቆለፈበት መሳቢያ ውስጥ ነው። የአሥራ ስምንተኛውን መቶ ዓመት ዜጋ የሚያስታውስ ሕይወት ነው።

ሴቶች በዜግነት ቃል ውስጥ የነበራቸው ቦታ በገዛ አገራችንም ቢሆን ረጅም ጊዜ በባል በኩል ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊት የውጭ ሰው በሕግ ስታገባ ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚያሰጣት ከሆነ ኢትዮጵያዊነቷን እንድታጣ ያደርግ ነበር። ነሳት ማለት ይኸው ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣችው ሕግ የውጭ ሰው ባገቡ ሴቶቿ ላይ ይህንኑ አድርጋለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ነገሩን ለወጠው፤ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ከውጭ ዜጋ ጋር የሚፈጽሙት ጋብቻ ዜግነታቸውን አያስቀርም። የ1922ቱ ሕግ ኢትዮጵያዊ መሆን ለሚፈልግ የውጭ ሰው ያስቀመጣቸው መስፈርቶችም መታወስ አለባቸው፤ ቢያንስ አምስት ዓመት መኖር፣ አማርኛንም አጥርቶ መናገርና መጻፍ። ዛሬ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም የቋንቋ ፈተና ፊት የምትቀመጥ ኢትዮጵያዊት፣ የገዛ አገሯ ለሌሎች አቁማው በነበረ በር ፊት እንደቆመች ነው።

ከቅጥሩ ውጭ ላለው ሰው አማርኛ ብዙ ስም አለው። ስሞቹ አንድ አይደሉም፤ መምህር ክፍሉን ሲከፍት የትኛውን እንደሚጠራ ሊመርጥ ይገባዋል ባይ ነኝ። «ስደተኛ» ከሰደደ ነው። ሰደደ በግእዝ አባረረ፣ አሳደደ ነው፤ አማርኛ መላክንም ጨመረበት። ስለዚህ ስደተኛ ሲባል ከጀርባ የሚያባርር አለ ማለት ነው፤ ቃሉ የገፊውን ስም ሳይጠራ መኖሩን ይመሰክራል። «ፍልሰተኛ» ከፈለሰ ነው፤ ከቦታ ቦታ ሄደ፣ ተዛወረ። ገፊ ላይኖረው ይችላል። ዛሬ ይህ ቃል በጥናትና በመንግሥት ጽሑፍ ለሥራ የሚሄዱትን ለመጥራት ተለይቷል። ነገር ግን ከዚያው ሥር የወጡትን ሌሎቹን እንይ፤ በነሐሴ የምንጾመው ፍልሰታ የእመቤታችንን ሥጋ ከምድር መፍለስ ያስባል፤ በጥንት መጻሕፍት ፈላሲ መናኝ፣ እንግዳ ሆኖ የሚዞር ነው፤ ቤተ እስራኤል ለዘመናት የተጠሩበትና የጠሉት ስም «ፈላሻ»ም ከዚሁ ይመዘዛል። አንዱ ሥር ክብርም ስድብም ወለደ። «መጻተኛ» ደግሞ ከመጽአ፣ መጣ ነው፤ ከየት እንደተነሳ አይጠይቅም፣ መድረሱን ይናገራል። በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትዘክረው ማርያም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ነው። በብዙ ቤተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥላለች፤ ሕፃን ይዛ በባዕድ መንገድ የምትሄድ ሴት ናት። ያቺን ሥዕል እያየች ያደገች ሴት ስደትን ከውርደት ጋር ብቻ አታያይዘውም።

ሥዕልን ካነሳን አንድ ጥንቃቄ ላክልበት። ሠዓሊ የሥዕል ባለሙያ ነው፤ ሰአሊ ለማኝ፣ አማላጅ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው «ሥዕል ልመና ነው» እያለ ያገናኛቸዋል። ለቅኔ ይመቻል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንደኛው በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ፣ ሁለተኛው በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ይጻፋል። ፊደሉን ስናደባልቅ የማይዛመዱትን እናዛምዳለን። የሥዕል እውነተኛ ጎረቤቱ «ምስል» ነው፤ መሰለ ከሚለው፣ እንደ ምሳሌና አምሳል።

በዕብራይስጥም ፎቶግራፍ «ጺሉም» የተባለው «ጼሌም» ከሚለው ምስል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በሁለቱ ታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡት የቤተ እስራኤል እናቶች አዲሱን ቋንቋ የተማሩበት ቦታ «ኡልፓን» ይባላል፤ ቃሉ ከአራማይክ ነው፣ መማርንና ማስተማርን ያመለክታል። የመጀመሪያው በኢየሩሳሌም በ1949 ተከፈተ። ከእነዚያ እናቶችና ልጆቻቸው ብዙዎች ሲገቡ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። በካርዱ ላይ ፎቶው የራሷ ነው፣ ከጎኑ ያለው ስም ጸሐፊው የጻፈው ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ለያዘች ሴት የመጀመሪያው የዜግነት ትምህርት ሰንደቅ ዓላማ ማወቅ ሊሆን አይችልም። ስሟን ማንሳት ነው።

መጀመሪያ ያነሳሁት፣ በሥዕል ላይ እየተነጋገሩ የማስተማር ዘዴ አባት ተብሎ የሚጠራው ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በተባለች የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ንባብ አስተማረ። በዚያ ዘመን ብራዚል ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይችልም ነበር፤ ይህ ክልከላ የተነሳው በ1985 ነው። ስለዚህ የፍሬሬ ፊደል በቀጥታ የዜግነት ትምህርት ነበር። ፊደሉን ከማስቆጠሩ በፊት ሥዕል ያሳይ ነበር፤ ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ብረናንድ ከሰዎቹ ኑሮ የሣላቸውን፤ ገበሬው፣ ጉድጓዱ፣ ቤቱ። ምን ታያላችሁ? ይህን ማን ሠራው? ብሎ ይጠይቃል። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ታሰረ፣ ከዚያም ተሰደደ። ዘመቻችንን የምናስታውስ ሰዎች፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማለቴ ነው፣ ለትልቅ ሰው ፊደል ማስቆጠር ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ዛሬ በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት ሁለተኛ ፊደል ከሚማሩት እናቶች መካከል የመጀመሪያውን በዚያ ዘመቻ የቆጠሩ አሉ።

ሥዕሉ ግን አሁንም የመምህሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ በተካሄደ የንባብ ትምህርት ዘመቻ ነገሩ ተገለበጠ። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል እንደዘገበው፣ ካሜራውን ለተማሪዎቹ ሰጥተው ጥያቄውን በፎቶ እንዲመልሱ አደረጉ። «ብዝበዛ ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ በሊማ አንድ ልጅ በግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር አንስቶ መጣ። ሌላው ምንም አልገባውም፤ ጫማ የሚጠርጉት ልጆች ግን ሁሉም ገባቸው። ሣጥናቸውን ከሩቅ ሰፈር በየቀኑ ተሸክመው መመላለስ ስለማይችሉ በሱቆች ግድግዳ ላይ ምስማር ይከራዩ ነበር፤ ባለሱቁ ለምስማሩ ያስከፍላቸዋል። መምህሩ ሺህ ጊዜ ቢገምት ያንን ፎቶ አያመጣውም።

ይህን ወደ ሴቶቹ ክፍል እንውሰደው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባለው የውህደት ትምህርት መደበኛው ተማሪ 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ስለ ሕግ፣ ታሪክና ባህል ይማራል፤ ለሴቶች ብቻ ይሰጥ በነበረው ኮርስ የቋንቋው ሰዓት እስከ 900 ይደርስ ነበር። በመጨረሻ 33 ጥያቄ ይቀርባል፤ ለዜግነት 17 መመለስ ይበቃል። በቋንቋው ፈተና የቃል ክፍል ላይ ደግሞ ተፈታኟ አንድ ፎቶ ይሰጣታል፤ ያየችውን ትናገራለች፣ ከራሷ ልምድ ጋር ታያይዛለች። እዚህ ላይ ፎቶው ገብቷል፤ ግን የማታውቀው ሰው ያነሳው፣ የማታውቃቸው ሰዎች የተነሱበት ነው። ብዙ ሴቶች በዚህ ቦታ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ቃል ከማጣት ብቻ አይደለም። የሚሉት ነገር የላቸውም፤ ነገሩ የእነርሱ አይደለምና። ከሳምንት በፊት የራሷን መንገድ፣ የልጇን መዋያ፣ የምታጸዳውን ቢሮ ደረጃ፣ የተመለሰባትን ማመልከቻ ያነሳች ሴት ግን ቃሉን ትፈልገዋለች። «ኪታ» የሚለውን ለሕፃናት መዋያ፣ «ጆብሴንተር» የሚለውን ለሥራ ቢሮ ሰፈር ውስጥ ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልጋት «ለምን አልተፈቀደም?» እና «ይግባኝ» ነው። ቃሉን የሚጠራው ፎቶው ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የሕግ ትምህርት ራሱ ከካሜራው ይመጣል። ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳት ይቻላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1898 የቀድሞው የጀርመን መራሔ መንግሥት ቢስማርክ ሲሞት ሁለት ፎቶ አንሺዎች ሌሊት በድብቅ ገብተው ሬሳውን አነሱት። ሙግቱና ቁጣው ካስነሳው ክርክር በኋላ ጀርመን በ1907 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ ማሠራጨትን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ዛሬም ይሠራል። አማርኛ ለዚህ «ፈቃድ» አለው። ፈቀደ በግእዝ ወደደ፣ ፈለገ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ከቢሮ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ልብ ነው የሚወጣው። ስለ ፈቃድ የሚደረገው ውይይት ለሴቶቹ የይስሙላ አይደለም፤ ወረቀት የሌላት ጓደኛዋ ፊት በፎቶ ከታየ ምን ሊመጣባት እንደሚችል እነርሱ ከመምህሩ በላይ ያውቃሉ። ከባሏ የሸሸች ሴት በር ቁጥር መታየት የለበትም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ፊት ያልሆነውን ነው፤ እጅን፣ ጫማን፣ በርን፣ ወረፋን። ጉርዱ ፎቶ የቆረጠው ሁሉ በዚህ በኩል ይመለሳል።

ለዚህ ዘዴ ዛሬ የጸናውን ስም የሰጡት ተመራማሪዎቹ ካሮላይን ዋንግ እና ሜሪ አን በሪስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቻይና ዩናን ግዛት ለ62 የገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጡ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ካሜራ ይዘው አያውቁም። ሥራውን መጀመሪያ «ፎቶ ኖቬላ» አሉት፤ ኋላ «ፎቶቮይስ»። ፎስ ብርሃን፣ ቮክስ በላቲን ድምፅ። ሄርሼል ብርሃንን ከመጻፍ ጋር አጋብቶት ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሴቶች ከመናገር ጋር አጋቡት። በአማርኛ «የፎቶ ድምፅ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን «ማንሳት» ይበቃል እላለሁ። ፎቶ ያነሳች ጥያቄ አነሳች።

የተነሳው ሁሉ መታየት አለበት። ለኤግዚቢሽን ያለን ቃል «ዐውደ ርእይ» ነው፤ ርእይ ማየት ነው፣ ዐውድ ዙሪያ። እህል የምንወቃበት ዐውድማ፣ ዓመት የሚዞርበት ዐውደ ዓመት ከዚሁ ናቸው። በግእዝ ዐውድ የፍርድ አደባባይም ነው። በዩናን የሆነው ይህን ይመስላል። ሴቶቹ ፎቶዎቻቸውን ለባለሥልጣናት፣ ለጋዜጠኞችና ለሐኪሞች አቀረቡ። ከፎቶዎቹ አንዱ፣ እናት የበቆሎ ማሳዋን ስታርም ሕፃኗ ብቻዋን መሬት ላይ ተኝታ ያሳያል። እናቶች ልጃቸውን የሚያስቀምጡበት አጥተው ማሳ ላይ እንደሚያስተኙ በወረዳው የማያውቅ ሰው አልነበረም። በአደባባይ ሲነሳ ግን መልስ የሚሰጥ ሰው አስፈለገ። የሕፃናት ማቆያ፣ የአዋላጆች ሥልጠና፣ ለገጠር ልጃገረዶች የትምህርት ድጋፍ፤ በዚያ ሥራ ምክንያት የተጀመሩት እነዚህ ናቸው።